ቡድንን ለልጅ ማውረስ ተገቢ ነውን?

ስለ ልጆች አስተዳደግ ከወላጆች ጋር በተወያየን ቁጥር አንድ ጥያቄ ሳይነሣ አይቀርም። አንዱ አባት የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ ደጋፊ ነው፤ ልጁ ገና ዳዴ እያለ ማሊያ ገዝቶለታል። ሌላው የኢትዮጵያ ቡና ነው፤ ልጁ አፉን የፈታው «ቡንዬ» እያለ ነው። ሦስተኛው ስታዲየም ገብቶ አያውቅም፤ ግን ቅዳሜ አርሴናል ከተሸነፈ እራት አይበላም፣ ልጁም እርሱን አይቶ ሳህኑን ይገፋል። «ልጄን የራሴ ቡድን ደጋፊ ማድረጌ ስሕተት አለው ወይ?» ይላሉ። ጥያቄውን የጨዋታ ነገር ነው ብሎ ማለፍ አይገባም። ወላጅ ለልጁ የትኛውን የማስተላለፍ ግዴታ እንዳለበት፣ የትኛውን ቢያስተላልፍ እንደሚፈቀድለት፣ የትኛውን ደግሞ ማስገደድ እንደማይችል ሳይለይ የቀረ ሰው፣ በእግር ኳስ የጀመረውን በትምህርት ምርጫ፣ በሙያና በትዳር ላይ ይደግመዋል።

ከከባዱ ልጀምር። ነገሩን በደንብ ያሰቡበት ወላጆች እንዲህ ብለው ይሞግታሉ፦ «ልጄን ያስጠመቅሁት ሳልጠይቀው ነው። ሃይማኖቴን ሳልጠይቀው ከሰጠሁት፣ ቡድኔን ብሰጠው ምን ነውር አለው?» ሙግቱ ብርቱ ነው፤ መልሱም የዚህ ትምህርት መሠረት ነው።

ወንድ ልጅ በተወለደ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ይጠመቃሉ። ሕፃኑ መናገር ስለማይችል የክርስትና አባቱ ወደ ምዕራብ ዞሮ ስለ እርሱ ሰይጣንን ይክዳል፤ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ስለ እርሱ ይታመናል። ያን ቀን ወላጅ ለልጁ የራሱን ንብረት አልሰጠውም። እርሱ ራሱ በአደራ የተቀበለውን አስተላለፈ እንጂ። እምነቱን አልሠራትም፤ ሊቀንስባትም ሊጨምርባትም አይችልም። በዘዳግም ምዕራፍ 6 እስራኤል ሕጉን ቤትም መንገድም ሳይሉ ለልጆቻቸው እንዲያስተምሩ ታዘዋልና፣ ባያስተምር ይጠየቅበታል። ቅዱስ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍለት አያቱን ሎይድንና እናቱን ኤውንቄን በስም የሚያነሣቸውም እምነቱ በእነርሱ በኩል ስለደረሰው ነው።

ቡድን እንዲህ አይደለም። ልጅህን የማን ደጋፊ አደረግኸው ተብሎ በእግዚአብሔር ፊት የሚጠየቅ አባት የለም። ከዚህ የሚበልጥ ልዩነትም አለ። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 10 አባትንና እናትን ከእርሱ አብልጦ መውደድ እንደማይገባ አስተምሯል። ስለዚህ እምነትን በእውነት የሚያስተላልፍ አባት፣ ከእርሱ በላይ ሌላ አባት እንዳለ ለልጁ አብሮ እየነገረው ነው፤ የራሱን ሥልጣን በራሱ አፍ ይወስናል። ቡድኑን በግድ የሚሰጥ አባት ግን ከፍ የሚያደርገው የራሱን ፈቃድ ብቻ ነው። «እኔ ስለወደድሁት ውደደው» ከማለት ያለፈ ምክንያት የለውም። ሁለቱ ሕፃኑ ሳይጠየቅ በመደረጋቸው ይመሳሰላሉ፤ ከዚያ ወዲያ መንገዳቸው ለየቅል ነው።

ይህን ስል ግን ቡድንን ማስተላለፍ ክልክል ነው ማለቴ አይደለም። አንዳንድ መምህራን ወደዚያ ያዘነብላሉ፤ እኔ አልስማማም። ቅዱሳት መጻሕፍት የእግዚአብሔር ትእዛዝ ያልሆነ፣ ነገር ግን አባት ለልጆቹ ያስተላለፈው ልማድ ምን ደረጃ እንዳለው በግልጽ የሚያሳዩበት ቦታ አለ። እርሱም ትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 35 ነው፤ በዝግታ እንድናነበው እፈልጋለሁ።

ሬካባውያን የሚባሉ ቤተሰቦች ነበሩ። አባታቸው የሬካብ ልጅ ኢዮናዳብ፣ በሁለተኛው መጽሐፈ ነገሥት ምዕራፍ 10 ከንጉሥ ኢዩ ጋር የምናገኘው ሰው ነው። ይህ ሰው ልጆቹን የወይን ጠጅ እንዳይጠጡ፣ ቤት እንዳይሠሩ፣ ዘር እንዳይዘሩ፣ ወይን እንዳይተክሉ፣ በድንኳን ብቻ እንዲኖሩ አዘዛቸው። ከሙሴ ሕግ ውስጥ ይህን በሕዝቡ ሁሉ ላይ የሚያዝዝ የለም። የአባት ትእዛዝ ነው። ከ200 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ እግዚአብሔር ነቢዩን ኤርምያስን ወደ እነርሱ ላከው። ነቢዩ ሬካባውያንን ወደ ቤተ መቅደሱ ጓዳ አስገብቶ፣ በወይን ጠጅ የተሞላ ማድጋና ጽዋ አቅርቦ ጠጡ አላቸው። እነርሱም አባታችን ከልክሎናልና አንጠጣም አሉ። እግዚአብሔርም ለይሁዳ ሰዎች ምሳሌ አድርጎ አሳያቸው፤ እነዚህ የሰው አባታቸውን ቃል ሲጠብቁ እናንተ ግን የእኔን አልሰማችሁም ብሎ ወቀሳቸው። ለሬካባውያን ደግሞ ዘራቸው ከፊቱ እንደማይጠፋ ተስፋ ሰጣቸው።

ከዚህ ታሪክ ለጥያቄያችን የሚሆን ብዙ ነገር እናገኛለን። አንደኛው፣ የአባት ልማድ በልጆች ሲጠበቅ እግዚአብሔር እንደ ከንቱ ነገር አልናቀውም። ልጅ አባቱን ስለሚወድ ብቻ የአባቱን ነገር ይዞ መኖሩ መልካም ነው። «እኔ ቡና የሆንሁት አባቴ ስለሆነ ነው» የሚል ጎልማሳ የሚያፍርበት ነገር የለውም። ሁለተኛው፣ ኤርምያስ ይህን አይቶ «እንግዲያው ሁላችሁም ወይን አትጠጡ» ብሎ አላወጀም። የአንድ ቤት ልማድ ለሌላው ቤት ሕግ አልሆነም። ሦስተኛውን ብዙ ሰው ሲያነብ ያልፈዋል። በድንኳን እንዲኖሩ የታዘዙት ሬካባውያን ያን ቀን የተገኙት በኢየሩሳሌም ከተማ ነበር። የናቡከደነፆር ሠራዊት ሲመጣ ፈርተው ወደ ከተማ እንደገቡ ራሳቸው ለነቢዩ ነግረውታል፤ እግዚአብሔርም በዚህ አልወቀሳቸውም። የአባት ልማድ የሕይወት ነገር ሲመጣ ይታጠፋል፤ የእግዚአብሔር ትእዛዝ ግን በዚያው መጽሐፍ ውስጥ አልታጠፈም።

እንግዲህ ቡድን የሚመደበው እዚህ ነው። የቤት ልማድ ነው፤ መልካም ሊሆን የሚችል፣ በፍቅር የሚተላለፍ፣ ሲያስፈልግ የሚታጠፍ። ከዚህ ከፍ ብሎ ወደ አደራ ደረጃ ከወጣ ግን ጌታችን በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 የወቀሰውን ዓይነት ይሆናል። በዚያ ፈሪሳውያን ቁርባን በሚሉት ወጋቸው አባትንና እናትን የማክበርን ትእዛዝ ሽረው ነበር፤ የሰው ወግ የእግዚአብሔርን ቦታ መያዙ ነው ያስወቀሳቸው።

ልማዱ መልካም ሊሆን ይችላል ያልሁት ለማባበል አይደለም። ቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ በ1928 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ የፋሺስት ጦር አዲስ አበባ የገባውም በዚያው ዓመት ነው። ከነጻነት በኋላ ደግሞ በከተማዋ ከነበሩት ከጣሊያኖች፣ ከግሪኮች፣ ከአርመኖችና ከእንግሊዞች ቡድኖች ጋር ተጋጠመ። ይህን ለልጁ የሚተርክ አባት ከጨዋታው ጋር የአገሩን ታሪክ ይነግረዋል። ኢትዮጵያ ቡና በ1968 ዓ.ም. ከቡና ሠራተኞች መካከል የወጣ ክለብ ነው፤ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ያነሣው በ2003 ዓ.ም. ነው። ቡናማና ቢጫውን ለብሶ ያን ሁሉ ዓመት የጠበቀ ሰው ለልጁ ትዕግሥትን ማስተማር ይችላል። በ1954 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን አዲስ አበባ ላይ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደ፤ በ2005 ዓ.ም. ከ31 ዓመት በኋላ ወደ ውድድሩ ሲመለስ አዳነ ግርማ ዛምቢያ ላይ ጎል አገባ። ያን ቀን ከአያቶቻቸው ጎን ሆነው የጮኹ ልጆች ምን እንደወረሱ አይረሱም። በሰሜን አሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በስፖርት ፌዴሬሽናቸው አማካይነት በየበጋው እየተሰበሰቡ ሲጫወቱ፣ እዚያ የተወለዱ ልጆቻቸውን ይዘው የሚሄዱት ለኳሱ ብቻ አይደለም። አማርኛ በብዛት የሚሰማበት፣ እንጀራ በየድንኳኑ የሚቀርብበት፣ ዘመድ ከዘመድ የሚገናኝበት ሳምንት ነው። ይህን ማውረስ ያስመሰግናል።

አሁን ወደ አደጋው እንምጣ። ከሁሉ በላይ የምፈራው የወላጅ ፍቅር በቡድን ላይ መንጠልጠሉን ነው። ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 25 ይስሐቅ ዔሳውን የወደደበትን ምክንያት ሳይሸሽግ ይነግረናል፤ ካደነው ይበላ ስለነበር ነው። ርብቃ ደግሞ ያዕቆብን ትወድ ነበር። ይስሐቅ ክፉ አባት አልነበረም፤ ነገር ግን ከአንዱ ልጁ ጋር ያቀራረበው የራሱ ምርጫ ነበረ፤ ያ መቀራረብ ሌላውን ልጅ ከደጅ አስቀረው። ወንድማማቾቹ ተለያይተው የኖሩበትን ዘመን ሁላችንም እናውቃለን። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ስለ ልጆች አስተዳደግ በጻፈው ድርሳን አባት ለልጁ ማታ በማዕድ ጊዜ እንዲተርክለት ከመረጣቸው ታሪኮች አንዱ ይኸው የያዕቆብና የዔሳው መሆኑ አያስደንቅም።

በአንድ ሰንበት ትምህርት ቤት ያየሁትን ልንገራችሁ። የስምንት ወይም የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው። ከመዝሙር ጥናት በኋላ ግቢ ውስጥ ኳስ ሲጫወቱ ነጠላውን አጣጥፎ አስቀመጠና ከውስጥ የለበሰው ማሊያ ታየ። ጓደኛው ያዋሰው የተቃራኒው ቡድን ማሊያ ነበር። ወደ ቤት መሄጃው ሲደርስ ከአጥሩ ጥግ ሄዶ አወለቀው፣ ለጓደኛው መለሰለት፣ የራሱን ሸሚዝ ለበሰና ቁልፎቹን እስከ አንገቱ ቆለፈ። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው «አባባ ያዝንብኛል» አለኝ። አባቱን አውቀዋለሁ፤ ልጁን መትቶት አያውቅም። ቢጠየቅ «ለቀልድ ነው የምቆጣው» ይል ይሆናል። ልጁ ግን በዚያ ዕድሜው ከአባቱ መደበቅን ተለማምዷል። ዛሬ የሚደብቀው ማሊያ ነው። ነገ ከባድ ነገር ሲገጥመው፣ ምክር ሲያስፈልገው፣ ያንኑ አጥር ጥግ ይፈልጋል። ቅዱስ ጳውሎስ በኤፌሶን መልእክቱ ምዕራፍ 6 አባቶች ልጆቻቸውን እንዳያስቆጡ ያስጠነቀቀው በትልልቁ በደል ብቻ አይደለም፤ ወላጅ ቀላል ነው ብሎ በሚያልፈውም ነው።

ሁለተኛው አደጋ ጥላቻ አብሮ መውረሱ ነው። አባት ለልጁ ቡድኑን ሲሰጠው የቡድኑን ጠላትም አብሮ ይሰጠዋል፤ ብዙ ጊዜ ሕፃኑ የሚወድደውን ከማወቁ በፊት የሚጠላውን ያውቃል። ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ቆሮንቶስ የጻፈው እኮ በጳውሎስና በአጵሎስ፣ በኬፋም ስም ለተከፋፈሉ ምእመናን ነው፤ ሰዎቹ የያዟቸው ስሞች ቅዱሳን ነበሩ፤ መከፋፈሉ ግን ቅዱስ አልነበረም። በቅዱሳን ስም የተደረገው እንዲህ ከተወቀሰ በክለብ ስም የሚደረገው እንዴት ይታለፋል?

ይህ ነገር እስከ ምን ሊያደርስ እንደሚችል የቁስጥንጥንያ ከተማ ታሪክ ምስክር ነው። በዚያ የሠረገላ ውድድር ደጋፊዎች ሰማያዊና አረንጓዴ ተብለው ተከፍለው ነበር። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ በ399 እ.ኤ.አ. ምእመናኑ በስቅለት ዓርብ ሳይቀር ወደ ውድድሩ ሜዳ ስለሮጡበት አዝኖ የሰበከው ስብከት እስከ ዛሬ አለ። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ የኖረው ታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮፒዮስ ሰዎቹ ለቀለማቸው ሲሉ ዝምድናን፣ ጋብቻንና ወዳጅነትን እንደማያከብሩ ጽፏል። በ532 እ.ኤ.አ. በንጉሥ ዮስጢንያኖስ ዘመን ከእነዚሁ ደጋፊዎች የተነሣው ሁከት የከተማይቱን ብዙ ክፍል አቃጠለ፤ የሐጊያ ሶፍያ ቤተ ክርስቲያንም አብራ ተቃጠለች። እንደ ፕሮኮፒዮስ ቁጥር ከ30,000 በላይ ሰው አለቀ። ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ሆኖ የተወለደ ግን አልነበረም። አባቱ ወይም ሰፈሩ ነው ያደረገው።

በአዲስ አበባ ስታዲየም ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ከማን አንሼ የሚባሉትን ቦታዎች የሚያውቅ ሰው ደስታቸውንም ያውቃል። ከበሮው፣ ዜማው፣ ከማያውቁት ሰው ጋር መተቃቀፉ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን ስድብ ሲጀመር አባቱ ትከሻ ላይ የተቀመጠ ሕፃን ምን ያደርጋል? ቁልቁል የአባቱን ፊት ያያል። አባቱ ቢስቅ ይስቃል፤ አብሮ ቢሰድብ ቃሉን ይይዛል፤ እናት የሚነካውን ስድብ ጭምር። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ስለ ልጆች አስተዳደግ በጻፈው በዚያው ድርሳን የልጅን ነፍስ ከከተማ ጋር ያመሳስላታል፤ ዓይንና ጆሮ፣ ምላስም በሮቿ ናቸው፣ ወላጅም እነዚህ በሮች እንዲጠበቁ ያድርግ ይላል። ልጅህን ስታዲየም ውሰደው፤ ግን ስድቡ ሲነሣ ምን እንደምትል ከቤት ሳትወጣ አስብበት። ዝም ማለት አይበቃም፤ «ይህ እኛ ቤት አይባልም» በለው፤ ካልቆመም ተነሥታችሁ ውጡ። አንድ ጊዜ ያደረግኸውን ከመቶ ምክር ይልቅ ያስታውሰዋል።

ከቅዱሳን ስም ጋር የተያያዘም አንድ ነገር አለ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ሰማዕት ነው፤ በወር በ23 መታሰቢያው፣ ሚያዝያ 23 ሰማዕትነቱ ይከበራል። የኢትዮጵያ ቡና ደጋፊውም ስለት ይሳልለታል፣ ዝክሩን ይዘክራል፣ ሴት ልጁን አራዳ ጊዮርጊስ ይድራል። ስለዚህ የክለቡ ደጋፊ የሆነ ወላጅ ሰማዕቱ በዘጠና ደቂቃ ጨዋታ ለአንዱ ወገን የሚቆም አስመስሎ ለልጁ መናገር የለበትም። ሕፃን የሰማውን እንደ ሰማው ያምናል። ክለቡ ሲሸነፍም «ጊዮርጊስ ጸሎቴን አልሰማኝም» ይላል፤ ይህንን ያስተማረው ወላጁ ነው። በየትኛውም ቡድን ቢሆን ጨዋታን በስለት መያዝን አታስተምሩ። ልጁ መጸለይ ከፈለገ ተጫዋቾች ሳይጎዱ፣ ሰዎች ሳይጣሉ እንዲያልቅ ይጸልይ።

ስለ ሰዓትና ስለ ውርርድ በአጭሩ። የእንግሊዝ ጨዋታ ቅዳሜ ማታ ሲራዘም እሑድ ለቅዳሴ የማይነሣው ልጁ ብቻ አይደለም፤ አባትየው የቱን እንደሚያስበልጥ ልጁ ያያል፣ አባቱ ሳይናገር ያውቀዋል። ውርርድ ደግሞ ከቡድን ጋር ፈጽሞ አይወረስ። በልጅህ ፊት ትኬት አትቁረጥ፤ «ዛሬ ስንት ለስንት ይወጣሉ?» ብለህ በእርሱ ግምት ገንዘብ አታስይዝ።

የቀረው ልጁ ሌላ ሲመርጥ ወላጅ ምን ያድርግ የሚለው ነው። ለዚህ የመጀመሪያው መልስ፦ ማሊያውን ራስህ ግዛለት። ከጓደኛው ተውሶ በአጥር ጥግ ከሚያወልቅ በአንተ እጅ ይልበስ። ቀልድህን አታቋርጥ፤ ቤት ውስጥ ክርክር ይኑር፤ ነገር ግን ተሸንፎ ሲያዝን አንተ አትሳቅበት። ባልና ሚስት በተለያየ ቡድን ከሆኑም ልጁን «ከማን ነህ?» ብለው በመካከላቸው አያስመርጡት፤ ሕፃን ይህን ጥያቄ የሚሰማው «ማንን ትወዳለህ?» አድርጎ ነውና።

ኳስ ጭራሽ የማይወድም ልጅ አለ፤ ስለ እርሱ የሚጨነቁ አባቶች ብዙ ናቸው። የኢትዮጵያ እግር ኳስ ታላቅ ሰው ይድነቃቸው ተሰማ አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ነበሩ፤ በቅኔያቸውና በዜማቸው የታወቁ፣ በጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ ሰው። ልጅየው የአባታቸውን ማሲንቆ አልያዙም። ኳስ ያዙ፤ ለቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫወቱ፣ በ1954 ዓ.ም. ዋንጫውን የወሰደውን ቡድን አሠለጠኑ፣ ከ1964 ዓ.ም. እስከ ሞቱበት እስከ 1979 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆኑ። የኳስ ወዳጅ የሆንን ሁሉ የምናመሰግናቸው እኚህ ሰው ኳስን ከአባታቸው አልወረሱትም። እንግዲያው በኳስ ቤት ያደገች ልጅ ልቧ ወደ በገና ቢያዘነብል ነገሩ ያው ነው፤ የበገና ትምህርቷ ከደርቢው ሰዓት ጋር ቢገጥም አባቷ ያድርሳት፣ እስክትጨርስም ደጅ ይጠብቃት፤ የጨዋታውን ውጤት በኋላም ይሰማዋል።